የፉጨት ጫማ

አባቴ መጸዳጃ ቤት ሲገባ ግራ ጫማውን አውልቆ ከበሩ ውጭ ያስቀምጣል። የግቢያችን ተከራዮች ሁሉ አንድ የጉድጓድ መጸዳጃ ስለምንጋራ ይሄ ነገር የጎረቤት መሳቂያ ሆኖ ኖሯል። «ባሕረኛው ገብቷል፤ ጫማው ዘብ ቆሟል» ይላሉ። እኔም ልጅ ሳለሁ አፍር ነበር። የሰው አባት ጋዜጣ ይዞ ይገባል፣ የእኔ አባት በአንድ እግሩ እያነከሰ ይገባል። ካደግሁ በኋላ ግን ያቺን ጫማ በቀልድ እንኳ የነካ ሰው የሚጣላው ከእኔ ጋር ሆነ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ መውጋት አይቸግረኝም።

ይሄን ልማድ ያመጣው ከመርከብ ነው። በወጣትነቱ ባሕር ኃይል ሲገባ የደረሰው ተዋጊ መርከብ አልነበረም። ለተዋጊዎቹ ነዳጅ፣ ውሃና ስንቅ የምታመላልስ፣ ሌላ አገር እስኪበቃው ተጠቅሞባት የጣላት አንዲት ያረጀች መርከብ ደረሰችው። መርከበኞቹ «እትዬ» ይሏታል። ተዋጊዎቹ መርከቦች ወደብ ላይ ተኳኩለው ፎቶ ሲነሡ እትዬ ከኋላቸው ቆማ ታስላለች። አባዬ ስለሷ ሲያወራ የሞተች አማቱን የሚያማ ነው የሚመስለው፤ እየተራገመ ይናፍቃታል።

«አልሞት ባይ ተጋዳይ ነበረች» ይላል። «አንዱን ቀዳዳ ስንደፍን በሌላው ትስቅብናለች። ጎኗ ብረት እንዳይመስልሽ፤ ቀለም ነው። ቀለሙ ባይኖር ባሕር መሀል ቆመን በቀረን ነበር።»

ሆዷ ሙሉ ንጹሕ ውሃ ተሸክማ የራሷ መርከበኞች የሚታጠቡት በባሕር ውሃ ነበር። ንጹሑ የተዋጊዎቹ ነው። ባሕር ላይ ተጠግተው ቱቦ ሲዘረጉላቸው፣ የእነዚያ መርከቦች ልጆች ከላይ ሆነው የሙዝ ልጣጭ ይወረውሩባቸዋል። አንድ ቀን አባዬ ከቱቦው የተንጠባጠበ ውሃ በእፍኙ ይዞ ፊቱን ሲያብስ ተይዞ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ባዶ ባልዲ አሸክመው አቁመውታል። ይሄን እየሳቀ ነው የሚነግረኝ። እኔ የሚያስቀው ነገር ታይቶኝ አያውቅም።

ሥራቸው ዝገት ማርገፍ ነበር። ጠዋት መዶሻ ይታደላል፤ ከዚያ እስኪመሽ ኳ ኳ ኳ። ዝገቱ ይረግፋል፣ ቀለም ይቀባል፤ አንዱን ጎን ጨርሰው ዞር ሲሉ በፊት የቀቡት ዝጎ ይጠብቃቸዋል። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ማለት ይሄ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የውሃው ታንክ ውስጥ ገብቶ መውቀጥ ነው። የታንኩ አፍ አንድ ሰው ትከሻውን ሰብስቦ የሚያልፍበት ክብ ቀዳዳ ነው፤ ክዳኑ ከባድ ብረት ሆኖ ዙሪያውን በቡሎን ይታሰራል። የዛገ ታንክ ሰው ውስጡ እያለ ከተዘጋ ዝገቱ አየሩን ይበላዋል። «እሳት እንጨት እንደሚበላው ነው» ይለኛል አባዬ፤ «ድምፅ ብቻ የለውም።»

ስለዚህ አንድ ሕግ ነበራቸው። ማን እንዳወጣው አይታወቅም። ታንክ የሚገባ ሰው ግራ ጫማውን አውልቆ ከክዳኑ አጠገብ ያስቀምጣል። ባርኔጣ ነፋስ ይወስደዋል፣ ጫማ ይከብዳል። ደግሞም ባርኔጣውን ረስቶ የሚሄድ ሰው አለ፤ በአንድ እግር ጫማ ግን ማን ይሄዳል? ጫማ ካለ ውስጥ ሰው አለ፤ ክዳኑን ማንም አይነካም። ጫማ ከሌለ ሰውየው ወጥቷል፤ ይዘጋል። ከጫማው ጎን አንድ ጠባቂ ይቀመጣል።

አባዬ ፉጨት የሚሉት ጓደኛ ነበረው። ስሙን ያወጣለት አመሉ ነው፤ ሲላጭ፣ ሲያጥብ፣ መሰላል ሲወጣ ያፏጫል። መርከብ ላይ ማፏጨት ነፋስ ይጠራል ይባላል። ይሄን ከልቡ የሚያምነው የመርከበኞቹ አለቃ ነበር። አለቃ ሰውን ጠርቶ አያውቅም፤ በመዶሻ እጀታ ጎኑን ወጋ ያደርገዋል እንጂ። አንድ ቀን ፉጨትን ሰው ሁሉ ፊት አስይዞ ከንፈሩ ላይ ቀለም ቀባው፤ ያንን ቀዩን፣ የዝገት መከላከያውን። ሁሉም ሳቀ። አባዬም ሳቀ። ፉጨት ራሱ ሳቀና፣ ቀለሙ ደርቆ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ሲደማ በአፍንጫው ማዜም ጀመረ። አለቃ ይሄንንም ሰምቷል። ቂም እንደያዘ ሁሉም አውቋል።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ትልልቅ ሹማምንት እትዬን ሊጎበኙ ነው ተባለ። መልሕቅ ጥለው ቆመዋል፤ ባሕሩ ሰሃን ላይ የፈሰሰ ውሃ መስሎ ረግቷል። ፉጨት ባዶው የውሃ ታንክ ውስጥ ገባ፤ ግራ ጫማውን ከክዳኑ አጠገብ አስቀመጠ፤ አባዬ ከጫማው ጎን ተቀመጠ። ትንሽ እንደቆየ አለቃ መጣ።

«ተነሥ! ታች ወርደህ ነጭ ቀለም አምጣ።»

አባዬ በጣቱ ጫማውን አሳየው።

«ጫማ ብቻውን ተነሥቶ አይሄድም። ተነሥ አልኩህ!»

ትዕዛዝ ነው፤ ወረደ። ቀለሙን ይዞ ሲመለስ ጫማው የለም፤ ክዳኑም ቀዳዳው ላይ ተጋድሟል። ጫማ ከሌለ ሰውየው ወጥቷል። አለቃ ከወዲያ ማዶ ሆኖ «ምን ይገትርሃል? ቡሎኑን አጥብቅና ክዳኑን ቀባው፤ እንግዶቹ ደረሱ!» ብሎ ጮኸ። አባቴ መፍቻውን አንሥቶ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀ። ሲያጠብቅ የምር የሚያጠብቅ ሰው ነው፤ ዛሬም እሱ የዘጋውን የውሃ ቧንቧ እኔ መክፈት አልችልም። ከዚያ ክዳኑን ነጭ ቀባው።

ከታች ኳ ኳ ኳ ይላል። መርከቧ በሙሉ ኳ ኳ ነበር፤ እንግዶቹ የሥራ ድምፅ እንዲሰሙ አለቃ መዶሻ ያላስጨበጠው ሰው የለም። አባዬ ያንን ከታች የሚመጣውን ድምፅ ለይቶ ሰምቶታል። «ይሄኛው ከሌላው ይፈጥናል፤ ማነው ዛሬ እንዲህ የጎበዘው?» ብሎ ማሰቡን ያስታውሳል። ከሹማምንቱ አንዱ ክዳኑ አጠገብ ሲደርስ የእግሩ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማውና «እዚህ ታችም ይሠራል?» ብሎ ጠየቀ።

«አዎ ጌታዬ፤ የእኛ ልጆች ድካም አያውቁም» አለ አለቃ።

እንግዳው ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ቀረ።

እንግዶቹ ምሳ በልተው ሄዱ። ፉጨት ሲፈለግ ጠፋ። ራሱ የቀባው ቀለም ሳይደርቅ ቡሎኖቹን የፈታው አባቴ ነው። ፉጨት ከክዳኑ ሥር፣ መሰላሉ ላይ ክንዱን አቆላልፎ ተገኘ። የመዶሻው እጀታ ተሰብሯል። አንድ እግሩ ጫማ አድርጓል፤ አንዱ ባዶ ነው።

ምርመራ ተደረገ። ጫማውስ ሲባል አለቃ «ማዕበል ወሰደው» አለ። ጠባቂውስ ሲባል «ቦታውን ጥሎ ሄደ፤ እኔ አላዘዝሁትም» አለ። ማን የማንን ቃል እንደሚያምን የታወቀ ነው። አባዬ ታሰረ። ሲፈታ ደግሞ አለቃ የመልሕቁ ሰንሰለት በሚጠራቀምበት ጉድጓድ ውስጥ ብቻውን ዝገት ሲያስወቅጠው ከረመ። በዚያ ጠባብ ብረት ውስጥ የመዶሻ ድምፅ መውጫ የለውም፤ ተመልሶ የሚገባው ጆሮ ውስጥ ነው። ግራ ጆሮው እዚያው ቀረ፤ ቀኙም የሚሰማው ሲጮህበት ብቻ ሆነ። ይሄኔ አለቃ ስም አወጣለት። «ጆሮ» አለው።

ለፉጨት እናት መርዶውን ይዞ የሄደው አባዬ ነው፤ እሱው እንዲሄድ ታዘዘ። ሴትየዋ አላለቀሱም። የተሰጣቸውን አንድ ጫማ ገለባበጡትና «ሌላውስ?» አሉት። እንደታዘዘው «ማዕበል ወሰደው» አላቸው።

«ልጄን ጠብቅ ተብለህ፣ ጫማ መጠበቅ ያቃተህ!» አሉት።

ላዝንላቸው ይገባ ይሆናል፤ ልጃቸው ነው የሞተው። አላዝንላቸውም። አባቴን ያችን ቀን ነው የገደሉት። እናቴ በሕይወት ሳለች «እኔ ሁለት ወንድ ነው ያገባሁት፤ አንደኛው ሙት ነው» ትል ነበር። ልጅ ሳለሁ ቤት ውስጥ ማፏጨት ክልክል ነበር። አንድ ጊዜ ረስቼ ሳፏጭ አባዬ ከንፈሬን አየ፤ ድምፁንማ አልሰማም። በጥፊ መታኝና ራሱ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። የታመመችውን ጉንጬን ይዤ አባባይ የሆንኩት እኔ ነኝ።

ከመርከብ ከወረደ ወዲህ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። ባሕሩ ረግቶ ነበር፤ ታዲያ ማዕበሉ ከየት መጣ? ጫማውን ማዕበል ከወሰደው ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ባይነሣ ኖሮ ይይዘው ነበር። ሰው ወስዶት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይሄን ሳያውቅ መሞት አይፈልግም። አንድ ቀን የራሱን ጫማ የልብስ ማጠቢያዬ ሳፋ ከንፈር ላይ አስቀምጦ ውሃውን በእጁ ቀስ አድርጎ ሲያናውጥ አገኘሁት። ጫማው ንቅንቅ አላለም። አየኝና አፍሮ እጁን በሱሪው ጠረገ።

እትዬ ራሷ ጥይት ሳይነካት፣ ወደብ ላይ እንደታሰረች አንድ የዝናብ ሰሞን በጎኗ ተኝታ ሰጠመች። መርከበኞቹም ተበተኑ፤ አንድ ባንድ ሞቱ። እኛ የምናውቃቸው የቀሩት ሁለት ናቸው፤ አባቴና አለቃ። አለቃ ሚስቱ ሞታ፣ ልጆቹ አንቅረው ተፍተውት፣ እኛ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየ። ከሰዓት በኋላ በየቀኑ እኛ ግቢ ይመጣል። አንቱ እለው ነበር። አሁን «እሳቸው» ለማለት አፌ እምቢ ስላለኝ ነው እሱ እያልኩ የማወራው።

ለምን ታስገባዋለህ እያልኩ ከአባዬ ጋር ስንቴ ተጣልተናል። «እትዬን የሚያውቃት ሌላ ማን አለኝ?» ይለኛል። «ፉጨትንስ ማን ያውቀዋል?» የገደለህን ሰው ካልሆነ በቀር የሚያጫውትህ ማጣት ምን ዓይነት እርግማን እንደሆነ እንጃ።

መስኮቴ ሥር ሁለት ወንበር አለ። አለቃ እግሩ ስለሚያብጥ ገና ሲቀመጥ ጫማውን ያወልቅና እግሩን የቀለም ጣሳ ላይ ይሰቅላል። የሚቀመጠው ሁልጊዜ በአባዬ ግራ ነው። ልማድ መስሎኝ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል፤ አባዬ አንድም ቃል አይሰማም፤ እንግዳውን ላለማስቀየም ግን «እሺ፣ እሺ» እያለ ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ከመስኮቱ ውስጥ የስፌት መኪናዬን ስለማስጮህ ምን እንደሚባባሉ ሰምቼ አላውቅም። አልፎ አልፎ አባዬ «አለቃ፣ ያን ቀን እኮ ባሕሩ ረግቶ ነበር» ይላል። አለቃ ያኔ ጎንበስ ብሎ ወደ ቀኝ ጆሮው ይጮኻል።

«ማዕበል ወሰደው አልኩህ፣ ጆሮ!»

አንድ ከሰዓት ክር ተበጠሰብኝ። አንገቴን ደፍቼ መርፌው ውስጥ ክር ሳስገባ መኪናው ዝም አለ። አለቃ አላስተዋለም። ዓይኑ ግድግዳው ላይ ነው፤ ዝግ ብሎ፣ የለመደውን ጸሎት እንደሚደግም ሰው፣ እንዲህ አለ፦

«እንደ ሁልጊዜው ልንገርህ። ጫማውን በእግሬ ገፍቼ ባሕር ከትቼ ክዳኑን የጫንኩበት እኔ ነኝ። ትንሽ ይደንግጥ፣ ያንን ፉጨቱን ይተው ብዬ ነው። ከዚያ እንግዶቹ ከተፍ አሉ። ሲደበድብ ሰምቼዋለሁ። ታዲያ እነሱ ፊት ክዳን ከፍቼ ሰው ላወጣ? ሲሄዱ እከፍትለታለሁ አልኩ። ምሳ ይብሉ ተባለ። ምን ላድርግ? ይቅር በለኝ።»

«እሺ፣ እሺ» አለ አባዬ፣ ራሱን እየነቀነቀ።

«እግዜር ይስጥህ» አለ አለቃ። ረክቶ እግሩን ጣሳው ላይ አመቻቸ።

እንደ ሁልጊዜው ነው ያለው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል እሰማ ነበር፤ ይሄኛው ወጊ ምንም አልረሳም። የአባቴን ጆሮ ራሱ ደፍኖ፣ የደፈነውን ጆሮ የኃጢአቱ መድፊያ አድርጎታል። በየቀኑ ይናዘዛል፣ በየቀኑ ምሕረት ይቀበላል፣ ቤቱ ሄዶ እንቅልፉን ይለጥጣል። አባቴ እሱን ሳይሰማው ይምረዋል፤ ራሱን ግን ምሮ አያውቅም። መቀሴን አነሣሁ። እውነቴን ነው። አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

እስኪሄድ ጠበቅሁ። ከዚያ አባዬን ቤት አስገብቼ በቀኝ ጆሮው ሁሉንም ጮህኩበት። ጎረቤት እንዳይሰማ ማድረግ አልተቻለም፤ ግቢው ሁሉ ሰማ። ደንቆሮ የሰማ ዕለት ያብዳል ይባላል። አባዬ አላበደም።

«በእግሩ?» አለኝ።

«በእግሩ!»

«ሲመታ ሰምቶታል?»

«ሰምቶታል!»

እጆቹን ገልብጦ አያቸው። «ቡሎኑን ያጠበቅሁት ግን እኔ ነኝ» አለ።

እውነቱን ከሰማ ይገላገላል ብዬ ነበር እኮ የጮህኩት። ያን ዕለት እራት አልበላም። እኔም አልለመንኩትም።

በማግስቱ አለቃ እንደልማዱ መጣ። አባዬ ወንበሮቹን አቀያይሯቸው ነበር፤ ባዶው ወንበር በቀኙ በኩል ነው። አለቃ ትንሽ አመነታ፤ ግን እግሩ አልቻለምና ተቀመጠ። ጫማውን አወለቀ። እኔ መኪናዬን አቁሜ መስኮቱ ላይ ቆምኩ።

«ትናንት በግራ ጆሮዬ ያልከውን በቀኙ ድገመው» አለው አባዬ። «ጮክ ብለህ።»

አባቴ አለቃን አንተ ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ለአለቃም የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ እግሩ ከጣሳው ላይ ወረደ።

«ምን አልኩ? ስለ እግሬ ነው ያወራሁት። አመመኝ ነው ያልኩት።»

«ጫማውን ማን ወሰደው?»

አለቃ ቀና ብሎ አየኝ። መስማቴን ከፊቴ አወቀ። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ እያየኝ፣ «ማዕበል ነዋ!» አለ። «ስንቴ ልንገርህ፣ ጆሮ? ማዕበል ወሰደው!»

አባዬ ጎንበስ ብሎ የአለቃን ግራ ጫማ አነሣ። በእጁ ይዞት ግቢውን አቋርጦ መጸዳጃው ጋ ሄደ። በሩ ላይ ሲደርስ እንደሁልጊዜው ቆም የሚል መስሎኝ ነበር፤ አልቆመም። የራሱን ጫማ ሳያወልቅ ገባ። ሲወጣ እጁ ባዶ ነበር። ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ጫማዬስ?» አለ አለቃ።

«ማዕበል ወሰደው» አለ አባዬ።

አለቃ ሊስቅ ሞከረ። አብሮት የሚስቅ አጣ። ጎረቤቶቹም በየበራቸው ቆመው ነበር፤ ትናንት ሰምተዋል፤ አንዳቸውም አልተነቃነቁም። የግቢያችን መሬት ሹል ሹል ጠጠር ነው። አለቃ ቀኝ ጫማውን አጠለቀና ያበጠ ባዶ ግራ እግሩን አንድ ጊዜ አስነክቶ አነሣው። ግድግዳውን ተደግፎ ወደ መስኮቴ እጁን ዘረጋ።

«ልጄ፣ እስቲ ያባትሽን ነጠላ ጫማ አውሺኝ።»

«ሂድ» አልኩት። አንቱታው ከአፌ የጠፋው ያኔ ነው።

እያነከሰ ሄደ። የአጥሩ በር ጋ ሲደርስ እግሩ እየደማ ነበር። አየሁት፤ አልራራሁም፤ አሁንም ያን ቀን ሳስበው አልራራም። እኔ እንዲህ ነኝ። አባዬ ግን እስኪወጣ ድረስ ዓይኑን አልነቀለም። ከበሩ ሲያልፍ እኔ ወጥቼ ወንበሩን ላነሣ ስል ክንዴን ያዘኝ።

«ተይው፤ ነገም ይመጣል» አለኝ። «ሌላ መሄጃ የለውም። ደግሞ አንድ ጫማ ቀርቶታል።»